እስከ ቅዳሜ ቆዪ አልኳት

ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከታቹ ሥጋ ቤት በሆነ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ነርስ ለመሆን ለሚማሩ ልጆች ሥነ ምግባር አስተምር ነበር። ሚሊኒየሙ ካለፈ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። የግል የጤና ኮሌጅ እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነበርና የእኛም አንዱ ነው። እኔ የተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ደም ሳይ ያዞረኛል። ወደ ክፍሌ ስወጣ እንኳ በሥጋ ቤቱ በር የማልፈው ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ነበር። የተቀጠርኩት ኮርሱ በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ስለተጻፈና የሚያስተምረው ሰው ስለጠፋ ብቻ ነው። ዲኑ በመጀመሪያው ቀን ቢሮው አስቀምጦ፣ «ማለቴ፣ ብዙ አታስጨንቃቸው። ሃንድአውቱን ስጣቸውና በቃ» አለኝ።

ሃንድአውቱ ጥቂት ገጽ ነው። በጎ ማድረግ፣ አለመጉዳት፣ የታማሚውን ፈቃድ ማክበር፣ በፍትሕ ማገልገል የሚሉ አራት መርሆዎች አሉበት። ልጆቹ እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጡታል። አንዱን አስነስቼ «አለመጉዳት ማለት ምን ማለት ነው?» ስለው ፍቺውን ከነነጠላ ሰረዙ ያወርድልኛል። ከዚያ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይለኛል። ሰንጋ ተራ የሚኖር የድሮ ጓደኛዬ ስለ ሥራዬ ስነግረው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። «አንተ ደግሞ ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ሰው የሳቀበትን ነገር በእግሩ ካላቆምኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለዚህ ሃንድአውቱን ወደ ጎን ትቼ የራሴን የቤት ሥራ ፈጠርኩ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የታመመ ሰው ሄዶ ይጠይቅ አልኩ፤ ሐኪም እንደሚጠይቅ ሳይሆን ጎረቤት እንደሚጠይቅ። «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ገብቶ፣ ከእግርጌ ቁጭ ብሎ፣ ስለ ዝናቡም ስለ ኑሮውም አውርቶ መውጣት። ጋውን አይለበስም፣ እስክሪብቶ አይያዝም። ስለ በሽታው መጠየቅ ክልክል ነው፣ ምክር መስጠት ክልክል ነው። አንድ ሰዓት ተቀምጠው ሲመለሱ ስለ ሰውየው ለክፍሉ ይነግራሉ፤ ምን ሲሠራ እንደኖረ፣ ማንን እንደሚናፍቅ፣ በምን እንደሚስቅ። «ጋውን ስትለብሱ የምታዩት በሽታውን ነው፤ እኔ የምፈልገው ሰውየውን ነው» አልኳቸው። ንግግሬ ራሴን ደስ ስላሰኘኝ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አሳፋሪ ነበር። አንዱ ጉንፋን የያዘውን አጎቱን ጠይቆ መጣ። ሌላው «ሰፈራችን ሁሉም ሰው ደህና ነው ቲቸር» ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ የምትቀመጥ፣ ሻሿን አጥብቃ የምታስር፣ ከስንት አንዴ የምትናገር ልጅ ነበረች። ከቡታጅራ መጥታ ሜክሲኮ አካባቢ ሱቅ ካለው ወንድሟ ጋር ነው የምትኖረው። ክፍሉ ሲበተን ቀርባ፣ «እዚህ አገር የማውቀው በሽተኛ የለኝም። ከየት ላምጣ?» አለችኝ። እኔ ታዲያ ወደ ግቢዬ ወሰድኳት።

የምኖረው ከኡራኤል ዝቅ ብሎ፣ ስድስት አባወራ በአንድ ቧንቧ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቤት ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የምትበልጥ ሴት ከእናቷ ጋር ትኖርበታለች። እሷ ሜክሲኮ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሳይነጋ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። እናቷን ግቢው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ከተኙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸው ብቻዋን ታነሳቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ እሑድ እሑድ አዝላ ፀሐይ ላይ ታወጣቸዋለች። የግቢው ሴቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ «እንደሷ ያለ ልጅ ይስጠኝ» ይሉ ነበር። እኔም ስለ ምርቃት በተነሳ ቁጥር ስሟን የምጠራ ሰው ነበርኩ።

ተማሪዋ አንድ ረቡዕ ከሰዓት ሄዳ ተቀመጠች። ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ተነስታ እንድትናገር ስጠይቃት መጀመሪያ ድምፅዋ አልሰማ አለ። ቀስ በቀስ ግን ከፍ አለ። እማማ በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት ትኬት ይቆርጡ እንደነበር ነገረችን። የትኬቷ መስኮት ጠባብ ናት፤ የሚታያቸው ገንዘብ የሚያቀብለው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው የሚያውቁት በእጁ ነበር። ሁልጊዜ እሑድ የሚመጣ፣ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ሁለት ትኬት ሲገዛ ከጎኑ የሴት እጅ አዩና ቀኑን ሙሉ ከፋቸው። ፊቱን አይተውት አያውቁም። የተማሪዋንም እጅ ይዘው አገላብጠው አይተው «ይሄ የሥራ እጅ ነው» ብለዋታል። ስለ ፈተና የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የዚያን ዕለት ከካዛንቺስ እስከ ኡራኤል በእግሬ ስሄድ መሬት አልበቃኝ ብሎ ነበር። ሰንጋ ተራ ያለው ወዳጄ ይሄን ቢሰማ እያልኩ አስብ ነበር።

ለአንድ ቀን የተሰጠው የቤት ሥራ ለሷ አላለቀም። በየሳምንቱ ረቡዕ መሄድ ጀመረች። በአራተኛው ረቡዕ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከኮሌጁ ስወጣ ደረጃው ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

«ቲቸር፣ እማማ ውሃ እየጠጡ አይደለም» አለችኝ።

«እንዴት ማለት?»

«ልጃቸው አትሰጣቸውም። ማለቴ ትሰጣቸዋለች፣ ጠዋት አንድ ሲኒ ሻይ፣ ማታ አንድ ሲኒ፣ በቃ። እንደ ልብ የሚጠጡት ውሃ በሚመጣበት ቀን ብቻ ነው። ምላሳቸው ደርቋል። ቆዳቸውን ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው አይመለስም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ ናት፤ አልደበቀችኝም እኮ። ‹ብዙ ካጠጣኋት ታርሰዋለች፣ አንሶላውን በምን ላጥበው?› አለችኝ። ምክር አትስጡ ስላሉን ዝም ብዬ ወጣሁ።» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር፤ በሩጫ ነው የመጣችው። «ልንገራት ቲቸር? አሁን ብመለስ ቤት አገኛታለሁ።»

በዚያን ጊዜ ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። በነዚያ ቀናት ግቢው በጀሪካን ሰልፍ ይጨናነቃል፤ ሁሉም በርሜሉን ይሞላል፣ ሁሉም ያጥባል። ጎረቤቴ ያላት አንድ በርሜልና ሁለት አንሶላ ነው። በስፖንጁ ፍራሽ ላይ ላስቲክ አንጥፋለታለች፤ እሱም አልጠቀመም። እማማ እኔ በበራቸው ባለፍኩ ቁጥር «ልጄ፣ ዛሬ ውሃ መጥቷል?» ብለው ይጠሩኝ ነበር። አልጋ ላይ ሆነውም የቤቱ ነገር አላስችል ብሏቸው ይመስለኝ ነበር። «አልመጣም እማማ፣ ነገ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ለካ ሴትየዋ የሚጠይቁኝ መቼ እንደሚጠጡ ነው። ይሄ የገባኝ ያን ዕለት ደረጃው ላይ ቆሜ ነው።

አሁን ልጅቷን «ሂጂ፣ ንገሪያት» ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ወዲያው የታየኝ የጎረቤቴ ፊት ነው። ግቢው ሁሉ ለሚመርቃት ሴት፣ እኔ ያመጣኋት የሃያ ዓመት ልጅ ሄዳ «እናትሽን በጥም ልትገድያቸው ነው» ብትላት በነጋታው በምን ዓይኔ አያታለሁ? ‹መምህሩ ሰላይ ላከብኝ› ብትልስ? ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ ብቻ ቢሆን ደግሞ ደግ ነበር። ከሱ ጎን ለጎን ለመናገር የሚያሳፍረኝ ነገር አለ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ሃንድአውቱ ላይ ካሉት ከአራቱም መርሆዎች ጋር የሚጋጭ፣ ሕይወት ያለው፣ ከራሳችን ሰፈር የተገኘ ጉዳይ እጄ ገብቶልኛል። ይሄን ክፍል ውስጥ ባቀርበው ምን ዓይነት ውይይት ይወጣዋል እያልኩ ነበር።

«እስከ ቅዳሜ ቆዪ» አልኳት። «ነገሩ ከባድ ነው፤ እንዲሁ ተነስተሽ የምትናገሪው አይደለም። ክፍል ውስጥ እንወያይበታለን። እስከዚያ ዝም በይ፤ ዝም አይነቅዝም።»

ዓይኔን ለአፍታ አየችና «እሺ ቲቸር» አለችኝ።

የዚያ ቅዳሜ ክፍል እስከ ዛሬ ካስተማርኳቸው ሁሉ የሞቀው ነው። ማንነቷን ሳልጠቅስ «አንዲት ልጅ አለች» ብዬ ጀመርኩ። ልጆቹ ለሁለት ተከፈሉ። ከኋላ ያሉት ወንዶች ሴትየዋ ጨካኝ ናት፣ ለፖሊስ መነገር አለበት አሉ። ከፊት ያሉት ሴቶች ተነሱባቸው፤ አንዷማ «አንተ የማንን አንሶላ አጥበህ ታውቃለህ?» ብላ አፍጥጣ አፉን አስያዘችው። አንዱ የታማሚዋስ ፈቃድ የት ሄደ አለ። ሌላው ጥፋቱ የውሃው ነው አለ። እኔ መካከል ቆሜ ጠመኔ እያቦነንኩ ቀኝና ግራ መስመር አሰምራለሁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብዬ ሁሉ ተረትኩ፤ ሳቁ፣ አብሬ ሳቅሁ። ተማሪዋ ቀኑን ሙሉ አልተናገረችም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እጇን አወጣች።

«ታዲያ ለሴትየዋ ማን ይንገራት?» አለች።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩና ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ጊዜው ስላለቀ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሳደርነው።

ሰኞ ዕለት ደረጃው ላይ ደግማ ጠበቀችኝ። በዚህኛው አልጠየቀችኝም። «ዛሬ ልሄድ ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ነገሩን ከእጇ ነጠቅኳት። «ተይ፣ ጎረቤቷ እኔ ነኝ፤ ከኔ ብትሰማው ይሻላታል። ዛሬ ማታ እኔው እነግራታለሁ» አልኳት። ቃሌን ሰጠኋት። ፊቷ ፈታ አለ፣ አመሰገነችኝ።

ቃሌን ለመጠበቅ ሞክሬያለሁ። ሥራ ላይ ውዬ ስመለስ፣ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ሁለት የታሸገ ውሃ ገዝቼ ጠያቂ መስዬ ገባሁ። ባዶ እጄን እንዳልገባ ብቻ ሳይሆን ውሃው ራሱ ይናገርልኛል ብዬ ነው። ጎረቤቴ ጠርሙሶቹን ተቀብላ «ምነው ተቸገርክ ወንድሜ» አለችና አልጋው ሥር አስገባቻቸው። አጎንብሼ ሳይ ጠያቂ ያመጣው የታሸገ ውሃና ጭማቂ ተደርድሯል፤ ለእንግዳ የተቀመጠ ነው። እማማ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ተጎንብሼ ሳምኳቸው። ጠረናቸው ንጹሕ ነበር፤ አንሶላው ነጭ ነው።

«እትዬ፣ እማማ ትንሽ የደከሙ አልመሰለሽም?» አልኳት።

«ዕድሜ ነዋ። ግን ተመስገን፣ ሰሞኑን አላስቸገረችኝም፤ አንሶላዋ ደረቅ ነው የሚያድረው» አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የምትናገረው። ከሥራ ተመልሳ እግሯን እንኳ አላሳረፈችም፤ እጇ በበረኪና ተልጧል። ይሄን ፊት እያየሁ ምን ልበል? ለሦስት ወር ሙሉ ስለ ሰው መናገር ሳስተምር የኖርኩ ሰው «ውሃ ስጫቸው» ማለት ተስኖኝ ወሬ ቀየርኩ። ስለ ኑሮ ውድነት ተጫወትን። ከዚያ «እግዜር ይማርልሽ» ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ማክሰኞም እንዲሁ አልኩ። ረቡዕ ተማሪዋ ፈተና ስለነበራት አልመጣችም፤ ለጎረቤቴ እንደነገርኳትም አምናለች።

ሐሙስ ጠዋት እማማ ሲጠሯቸው አልመልስ አሉ። ጎረቤቶች ተሸክመን ታክሲ ውስጥ አስገባናቸው፤ ጎረቤቴ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። እኔ ለእሷ የሚሆን ቦታ ለመልቀቅ ብዬ ቀረሁ፤ ቢያንስ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አረፉ። ቅዳሜ ኡራኤል ተቀበሩ። ክፍሉ ተሰረዘ፤ የቀጠርነው ውይይት ሳይካሄድ ቀረ።

ተማሪዋ የሰማችው ሰኞ ኮሌጅ ስትመጣ ነው። እኔው ነገርኳት። አልጮኸችም። «ነግረዋት ነበር?» አለችኝ። «አልቻልኩም» አልኳት። ሌላ ነገር ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሻሿን አስተካከለችና «ለቅሶ ልድረስ» ብቻ አለች። አብረን ሄድን።

ሰልስት ነበር። እድሩ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክሏል። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ወደየቤቱ ተበታትኖ ጥቂት ሴቶች ብቻ ቀርተዋል። ጎረቤቴ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ተማሪዋን ስታይ እጇን ዘረጋችላት፤ አቀፈቻትና ጎኗ አስቀመጠቻት። ሁለቱም አለቀሱ። ለእኔ አንዷ ሴት ንፍሮ ዘገነችልኝ፤ መዳፌ ላይ ይዤ ከፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ጥቂት ቆይታ ጎረቤቴ ዓይኗን ጠረገችና ለማንም ሳይሆን መናገር ጀመረች።

«ጤና ጣቢያ ያለው ልጅ ‹በቀን ስንት ውሃ ይጠጣሉ?› አለኝ። ነገርኩት። ጮኸብኝ። ‹በጥም ነው የደከሙት፣ ቀድመሽ ብታመጫቸው› አለኝ። እኔ እኮ የተኛ ሰው ብዙ ውሃ አይፈልግም ብዬ ነው። ፀሐይ ላይ አትውል፣ ሥራ አትሠራ፣ በምን ይጠማታል ብዬ ነው። በጥም ሰው ይሞታል እንዴ፣ ያውም ቤቱ ተኝቶ?»

ወደ ተማሪዋ ዞረች።

«አንቺ ይሄንኑ አይደል የምትማሪው? ታውቂ ነበር?»

«አዎ» አለች ተማሪዋ።

«ስነግርሽ፣ ያን ቀን፣ አውቀሽ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?» አለቻት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ከልቧ መጠየቋ ነው። «ብትነግሪኝ እኮ አጠጣት ነበር።»

እኛ ክፍል ውስጥ ጨካኝ ናት፣ አይደለችም ስንባባል ነው የከረምነው። አታውቅ ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ተማሪዋ ግን ይሄን መጀመሪያውኑ ነግራኝ ነበር፤ «አልደበቀችኝም እኮ» ብላኝ ነበር፤ ጥፋት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይደብቃል። አሁን ወደኔ ቀና ብትል፣ በጣቷ ባትጠቁመኝ እንኳ በዓይኗ ብታየኝ፣ እናገር ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አላየችኝም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬቱን እያየች «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። እንደገና «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ከዚያ ተነስታ ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች። መዳፌ ውስጥ ያለው ንፍሮ በላብ ረጥቦ ነበር።

ጎረቤቴ በድንኳኑ በር በኩል ተማሪዋ ከዓይን እስክትሰወር አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

«ምን ዓይነት ልጅ ነው ያመጣህብን?» አለችኝ።

«ልጅ ናት እትዬ» አልኳት። «አትፍረጂባት።»